ለሐሜት መድኃኒቱ ፍጅል

ለማከብርሽ ለእትዬ፣

ከቁስቋም ዳገት የተነሣው ሰላምታዬ ፍቼ ድረስ ይምጣልሽ። እንዴት ከረምሽ? ጆሮሽስ ተሻለሽ? እኔ እመቤታችን ትመስገን ደህና ነኝ፤ ያላንቺ ናፍቆት የጎደለኝ የለም። በስልክ ያልነገርኩሽ ድምፁን ለቀሽ ሰፈሩን ሁሉ ስለምታሰሚብኝ ነው፤ አትቆጪኝ።

ስሚኝማ፣ አንድ ሰው አሉ። አቶ ዓምሃ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ማለዳ ማለዳ ዳቦ ሊገዙኝ ይመጣሉ፤ እስኪበስል ከሺህ ዓመት በፊት ስለነበሩት እንግሊዞች ያጫውቱኛል። ጉድ እኮ ነው! ያን ጊዜ ጌታውን «ዳቦ ጠባቂ»፣ እመቤቲቱን «ሊጥ አቡኪ» ይሏቸው ነበር አሉ። ዛሬ ሎርድና ሌዲ የሚባለው ከዚያ የመጣ ነው። ታዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ሌዲ ሆኜ ነው ወገቤ የሚቆረጠው ብላቸው ሳቃችን ደጅ ድረስ ተሰማ።

ደጅ ደግሞ ጎረቤቴ ደሳለች አለች። ታውቂያት የለ፣ አፏ አያርፍም፤ ያን ሳቅ ሽሮ ሜዳ አደረሰችው። ወሬው ልጄ ወልዱ ጆሮ ገባና ፊቱን አጥቁሮ መጣ። በዚህ ዕድሜሽ ሰው ምን ይለናል፣ ሰውየው ከእንግዲህ ዳቦውን ከሱቅ ይግዛ አለኝ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን አለቀስኩ። ባሌን ከቀበርኩ ወዲህ በዚህ ቤት ከልቤ የሳቅኩት ያን ሰሞን ብቻ ነበር።

ለዓምሃ ብነግረው አልተቀየመም። እነዚያ እንግሊዞች ለሴት ወሬ መድኃኒት ነበራቸው፣ ማታ በባዶ ሆዱ ፍጅል የሚባለውን ሥር የበላ በማግስቱ ወሬ አይጎዳውም ይሉ ነበር አለኝ። በነጋታው ፍጅሉን ይዞልኝ ከተፍ! እኔ ሞኟ በላሁታ። አንቺን ይንሳኝ፣ ጨጓራዬን ለበለበኝ እንጂ ደሳለችን ዝም አላሰኛትም። ወሬዋ ግን ከዚያ ወዲህ አይቆረቁረኝም፤ የፍጅሉ ይሁን የሌላ እንጃ።

ቀጥሎ ደግሞ ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ በዚያ አገር ሕግ ባሏ የሞተባት ሴት ዓመት ትቆይና ከዚያ ልቧ የወደደውን ትምረጥ ይባል ነበር አለኝ። እኔ እንኳን ዓመቱን፣ የሰባት ዓመቱን ተዝካር አውጥቻለሁ አልኩት። ስንተያይ ዳቦዬ አረረ።

እትዬ፣ እናታችን ካለፈች ወዲህ እናቴ አንቺ ነሽ። ወልዱም ካንቺ ቃል አይወጣም፤ አንቺ እሺ ካልሽ ይገራል። እምቢ ካልሽ ግን ደጄን እዘጋለሁ፣ ቃልሽን አልጥስም።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከዚህ ሦስት ሽማግሌዎች ይመጡብሻል። እንደ ወጉ ቃልሽን ሳይሰሙ አይቀመጡም። እመ ብርሃን ዕድሜና ጤና ትስጥልኝ፣ ከቤትሽ በረከት አይጥፋ። ጉልበትሽን ስሜ አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፦ ከሦስቱ አንዱ ጋሽ ቶሎሳ እግራቸውን ያማቸዋልና ብዙ አታስቁሚያቸው።

ታናሽሽ