ከዘይነባ በረንዳ ስር ያለው ስንጥቅ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 15 ቀን 1971 ዓ.ም.፣ ደሴ

ዛሬ የቀበሌው መዝጋቢና አንድ መሐንዲስ ፎቃችንን ሊመዘግቡና ሊመረምሩ መጡ። ከላይ የምትኖረው ዘይነባ በረንዳዋ ላይ ቆማ፣ ባሏ ሻሿን ሲያስተካክልላት አየሁና ቅናት አንገበገበኝ። መሐንዲሱ «እናቴ፣ የተሰነጠቀ ነገር አይተዋል?» ሲለኝ ከበረንዳዋ ስር ያለውን አሳየሁት። ቤቷን በሦስት ቀን እንድትለቅ ተጻፈላት።

ማንበብ ስለማትችል ወረቀቱን ይዛ ወደ እኔው ወረደች።

«እትዬ፣ እስቲ ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት። ስንጥቁን ያሳየሁትም እኔ እንደሆንኩ ነገርኳት።

«ወላሂ፣ እርስዎ ባይናገሩ ከነልጆቼ መቀበሬ ነበር» ብላ እጄን ሳመችኝ።

ኮምቦልቻ የነበረው ቤታችን ግድግዳ ወድቆ ባሌን ከመግደሉ በፊት መሰንጠቁን አይቼ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ ስናገር ግን ያሰብኩት ባሌን አልነበረም። ያሰብኩት በረንዳው ባዶ ሆኖ እንዳየው ነበር።