ጋሽ ሽጉጤን ያስቀረው ቀይ መኪና

ለውድ እህቴ ለእታለም በለጥሽ፤

እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ወንድምሽ ታምሩ፣ ጌታ ይመስገን፣ በአካል ደህና ነኝ። አንቺስ ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይ? የእማዬስ ዓይን እንዴት ሆነ? ሐኪሙ ጠብታ አዞላታል ብለሽኝ ነበር፤ ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ጠርሙሱን ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ልጅሽ ሀሌሉያስ ትምህርቷን እንዴት ይዛዋለች? እዚያም በሽታው በርትቷል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኛል። ማስክሽን አትጣይ፤ ለቅሶ ቤት ስትሄጂም ይሉኝታ ይዞሽ ከሰው ጋር አትቃቀፊ። እኔ በዚህ ዓመት ስንቱን ቀብሬ ነው የምነግርሽ።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስልሽ ድንቅነሽ ናት፤ እኛ ሰፈር ፀጉር ትሠራ የነበረች የዱራሜ ልጅ። የኮሮና ምርመራዋ ነጻ ወጥቶላት ነገ ትበራለች። በስልክ ልነግርሽ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ዝናብና ስለ በርበሬ ዋጋ ቀባጥሬ ዘጋሁት። ፊት ለፊት ቢሆን ደግሞ ጭራሽ አልችልም። እባክሽ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው፤ ሀሌሉያ ጮክ ብላ እንድታነብልሽ አትስጫት።

እታለም፣ ጋሽ ሽጉጤ ለመስቀል አይመጣም።

ባለፈው ደውለሽ፣ የሚመጣበትን ቀን አልቆርጥልሽ ሲል፣ ሌላ ሚስት አግብተሃል ብለሽ ስትጮኺበት አጠገቡ ነበርኩ። ስልኩን ሲያስቀምጥ፣ ተወው፣ እንዲያ ብታስብ ይሻላል አለኝ። ምኑ ነው የሚሻለው! ባልሽ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ሴት ቀና ብሎ ሲያይ አላየሁትም፤ እማዬ ትሙት። ቀና ብሎ ያየው አንድ አሮጌ ቀይ መኪና ነው። እንዴት እንደሆነ ከሥሩ ልንገርሽ።

ሐምሌ ላይ እዚህ ጆሃንስበርግ የሆነውን ዘረፋ ሰምተሻል። አንደኛው፣ የቶኮዛው ሱቁ በአንድ ቀን ተዘርፎ የብረት በሩ ሳይቀር ተነቅሎ ተወሰደ። ጋሽ ሽጉጤ ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ፍሪጁን አራት ሆነው በጋሪ ሲገፉት አይቷል። ከአራቱ አንዷ ጎጎ፣ በእነሱ ቋንቋ አያቴ፣ እያለ የሚጠራት፣ ሳንቲም ሲያጥራት ዳቦ በነጻ የሚሰጣት አሮጊት ነበረች። ሁለተኛውን፣ የቮስሎሩሱን ሱቅ ግን አከራይዋ በሩ ላይ ወንበር አውጥታ ተቀምጣ አዳነችለት። በሳምንቱ ሸጠው። በቃኝ፣ አገሬ ገብቼ ልጄን ላሳድግ አለ። ያኔ ነው ደውሎ ለመስቀል እመጣለሁ ያለሽ። እውነቱን ነበር፤ ሻንጣ ሁሉ ገዝቶ ነበር።

ብቻ በግማሽ እጅ መግባቱ ከበደው። ዘጠኝ ዓመት ተንከራትቼ የአንድ ሱቅ ገንዘብ ይዤ ልግባ እያለ ሲብሰለሰል፣ አቢሶ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ሰው ወሬ አመጣለት። ነጮች አሮጌ የአሜሪካ መኪና ይሰበስባሉ፣ እኔ አንዱን ገዝቼ በወሩ በእጥፍ ሸጥኩት፣ ሱቅ ይዘረፋል፣ መኪና ግን ቆልፈህ ታስቀምጠዋለህ አለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሽ ሽጉጤ ሌላ ወሬ አጣ። በስልኩ ሲፈልግ ቤኖኒ የሚኖር አንድ ነጭ ሽማግሌ ማስታንግ የሚባል፣ የስድሳ ዘጠኝ ሞዴል መኪና እንደሚሸጥ አገኘ። ዋጋው የሱቁን ገንዘብ ጥርግ አድርጎ የሚወስድ ነበር። እኔን ጠርቶ፣ ታምሩ፣ ዓይንህ ዓይኔ ነው፣ ሄደህ እይልኝ አለኝ። ሱማሌ ተራ ስድስት ዓመት በባትላሜራነት ላሜራ ቀጥቅጫለሁ፤ እዚህም ጀርሚስተን ጋራዥ ውስጥ የሚያበላኝ ይኸው መዶሻ ነው። ከእኔ የተሻለ ማንን ይጠራል?

ቅዳሜ ጠዋት ሄድን። ሽማግሌው ጋራዡን ሲከፍተው እኔም ክው አልኩ። ወይ ውበት! ደም የመሰለ ቀይ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ሁለት ነጭ መስመር ወርዶበታል። ሞተሩን ሲያስነሣው ወለሉ ከሥራችን ተንቀጠቀጠ፤ ጋሽ ሽጉጤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እንደ ልጅ ሳቀ። ሽማግሌው አልበም አምጥቶ፣ መኪናው ከሃያ ሦስት ዓመት በፊት ከእግር እስከ ራሱ ታድሷል፣ በትርኢትም ዋንጫ ወስዷል ብሎ ፎቶውን አሳየን። እኔ በሆዴ ሃያ ሦስት ዓመት ብዙ ነው አልኩ። የታደሰም ያረጃል።

ሥራዬን ጀመርኩ። የበሩን ክፍተት በጣቴ ለካሁት፤ ከላይ ጣቴ ይገባል፣ ከታች ጥፍሬ አይገባም። በሩ ሲከፈት ወደ ታች ይወርዳል። ከጎማው በላይ ያለው የፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ ቀለሙ እንደሚፈላ ሽሮ ፊኛ አውጥቷል። ማግኔቴን በጨርቅ ጠቅልዬ ከበሩ ሥር ባለው ደፍ ላይ ለጠፍኩት፤ ወደቀ። ደግሜ ለጠፍኩት፤ ወደቀ። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ብረት የለም፤ ሁሉም ስቱኮ፣ የቀዳዳ መሙያ ልጥፍ ነው፣ አንዳንዱ ቦታ ላይ የጣት ውፍረት ያለው። ምንጣፉን ብገልጠው ወለሉ ላይ የዘይት ቆርቆሮ በሪቬት ተመትቶ ሬንጅ ተቀብቶበታል። በመጨረሻ ከሥሩ በጀርባዬ ገብቼ መኪናውን የሚሸከመውን ሻንሲ በካቻቪቴ ነካ ባደርገው ካቻቪቴው እስከ እጀታው ድረስ ሰመጠ። እታለም፣ ያ መኪና ቆሞ የነበረው በቀለሙ ነው።

ወጥቼ ልብሴን አራገፍኩና በቋንቋችን ነገርኩት። ጋሼ፣ ይኼ በስብሷል፣ በነጻ ቢሰጡህም አትውሰደው አልኩት። ምን ያደረገ ይመስልሻል? ጠቀሰኝ! በዓይኑ ጠቅሶኝ እግሬን ረገጠኝ። ለካስ የማጣጥልለት መስሎታል። ሆሳዕና ገበያ በሬ ሲገዛ እንዴት እንደሆነ ታውቂያለሽ። ከገዢው ጋር የሄደው ሰው ጥርሱ አልቋል፣ ሸኾናው ተሰንጥቋል፣ ይኼን ማን ዓይኑ የጠፋ ይገዛዋል እያለ ይራገማል፤ ገዢው ምንም እንዳልሰማ ይቆማል፤ ሻጩ ዋጋ ይቀንሳል። ነፍሱን ይማረውና አባታችን ጋሽ ሽጉጤን ገበያ የሚወስደው ለዚሁ ሥራ ነበር። ታዲያ እኔም ውለታውን የምመልስለት መሰለው።

ሽማግሌው ምን እያለ ነው ሲል በእንግሊዝኛ ደገምኩት፤ ካቻቪቴው የገባበትን ቀዳዳም አሳየሁት። ጋሽ ሽጉጤ ይባስ ደስ አለው፤ በርታ፣ ጥሩ ይዘኸዋል አለኝ። ፊቴን ቢያየው ኖሮ ያውቅ ነበር። ግን ሁላችንም ማስክ አጥልቀናል፤ ከእኔ የሚታየው ዓይኔ ብቻ ነበር። ሽማግሌው በንዴት ግንባሩ ቀላ፣ አጉረመረመ፣ ከዚያ ትንሽ ቀነሰ። ወዲያው ጋሽ ሽጉጤ ክርኑን ዘረጋለት። መጨባበጥ የቀረበት ጊዜ ነውና በክርን ተነካክተው ነገሩ አለቀ። ውጪ በሩ ላይ ክንዱን ጎትቼ፣ ጋሼ፣ እውነቴን እኮ ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ሰውዬው ቤቱ ገባ እኮ፣ አሁንስ ለማን ብለህ ታጣጥላለህ አለኝ።

አሁን የምጽፈውን ልብ ብለሽ አንብቢው። ገንዘቡ የሚተላለፈው ሰኞ ነበር። የቅዳሜ ከሰዓትና የእሑድ ቀን በእጄ ነበሩ። እሑድ ከጸሎት በኋላ ምሳ ላይ ተሰብስበን ሳለ ጋሽ ሽጉጤ ለሰዉ ሁሉ አወራ። ታምሩ ሽማግሌውን አንቀጠቀጠው፣ ዋጋውን ያስወረደው እሱ ነው፣ እንዲህ ያለ የሚስት ወንድም ያለው ሰው ምን ይጎድልበታል እያለ ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ። ሰዉ ሳቀ፤ ያጨበጨበም ነበር። እኔ እዚህ አገር ከመጣሁ ማንም በሰው ፊት አመስግኖኝ አያውቅም፤ ጌታ ያያል እታለም፣ ጣፈጠኝ። ደግሞም እንደገና ብናገር ቀናበት፣ ምቀኛ ነው እንዳይሉኝ ፈራሁ። ሳህኔ ላይ የነበረውን ሥጋ እየበላሁ ዝም አልኩ። ሰኞ ገንዘቡ ሄደ።

መኪናውን በስሙ ለማዞር ለመንገድ ብቁ ነው የሚል ወረቀት ያስፈልጋል፤ እዚህ ሮድወርዚ ይሉታል። መርማሪው ክሪክ ከሥሩ አስገብቶ ሊያነሣው ሲል መኪናው አልተነሣም፤ ክሪኩ ብቻ ደፉን በስቶ ገባ፣ ስቱኮውም እንደ ደረቀ ጭቃ ረገፈ። መርማሪው ሳቀ፤ ጋሽ ሽጉጤን ቀና ብሎ ሲያየው ግን ሳቁን ዋጠው። ሽማግሌው ጋ ሄድን። በሩን ሳይከፍት በአጥሩ በኩል የፈረሙትን ወረቀት አሳየን፤ ቩትስቱትስ የሚል ቃል አለበት። አይተህ እንዳለ ወስደሃል፣ ከእንግዲህ እሮሮ የለም ማለት ነው። ቀጥሎም በጣቱ እኔን እያሳየ፣ ይኼ ሰውህ ሁሉንም ነግሮህ ነበር እኮ አለው። እውነቱን ነው፤ ነግሬዋለሁ።

ጋሽ ሽጉጤ እስከ ዛሬ አልወቀሰኝም። አንተማ ነግረኸኝ ነበር፣ ያልሰማሁት እኔ ነኝ ይላል። ቤተ ክርስቲያንም ታምሩ አስጠንቅቆኝ ነበር እያለ ይመሰክርልኛል፤ ሰዎች እንደ ነቢይ ያዩኛል። ቢሰድበኝ፣ በጥፊ ቢያጮለኝ እንዴት በቀለለኝ!

ቢያንስ ልክሰው ብዬ ሦስት ሳምንት ከሥራ እየወጣሁ መኪናው ላይ አመሸሁ። ሻንሲውን በአዲስ ላሜራ ለመቀየር አቅም አልነበረንም። ስለዚህ በስቱኮ ላይ ስቱኮ ሞላሁበት፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት፣ ቀለም ረጨሁበት። ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ከፊተኛው በለጠ። ማንም ጅል ይግዛው፣ ጋሼ ቲኬቱን ይቁረጥ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ኃጢአት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም።

ባለፈው ቅዳሜ ገዢ መጣ። ዓብዩ የሚባል የዲፕስሉት ባለሱቅ ነው፤ እሱም ዘረፋ ፈርቶ ገንዘቡን መኪና ላይ ሊያሳርፍ የፈለገ። አንድ ጓደኛውን ይዞ መጥቷል። ጓደኛው ዳቦ አከፋፋይ ነው፣ መኪናን ከጋሪ አይለይም፤ ግን እንደ ደንቡ ማጣጣሉን ጀመረ። የበሰበሰ ነው፣ ሁሉም ስቱኮ ነው፣ ሥር የለውም እያለ አፉ ያመጣለትን ይለፈልፋል። ዓብዩም እየሳቀ ዋጋ ጠራ። ቲኬቱንም፣ ቶኮዛ የተዘረፈውንም የሚመልስ ዋጋ ነበር እታለም። ጋሽ ሽጉጤ ግን ክርኑን አልዘረጋም። ማስኩን ወደ አገጩ አወረደና፣ ጓደኛህ እውነቱን ነው፣ አትግዛው አለው። ዓብዩ ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሻጭ ነው ብሎ ግራ ገባው። ያኔ ጋሽ ሽጉጤ መዶሻዬን ከመሬት አንሥቶ ደፉን አንድ ጊዜ መታው። የሦስት ሳምንት ልፋቴ መሬት ላይ ተዘረገፈ።

አበድኩ። ለልጅህስ አታስብም? እህቴስ? ብዬ በሰው ፊት ጮኽኩበት። የዓብዩም ሚስት ትጠብቀዋለች አለኝ።

ሞተሩን አንድ ሰው ገዝቶ ወሰደው፤ ገንዘቡም መኪናው ለቆመበት ቦታ ኪራይ አለቀ። ዓብዩ ውለታው ከብዶት ጋሽ ሽጉጤን ሥራ አስገባው። ከሰኞ ጀምሮ ዲፕስሉት፣ ከብረት ፍርግርግ ኋላ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ይሸጣል፤ ሁለት ሱቅ የነበረው ሰው በሰው ሱቅ። ደመወዙ ከሆዱ አያልፍም። እዚያ ሱቅ በሁለት ወር ውስጥ ሁለት ጊዜ ዘራፊዎች መሣሪያ ይዘው ገብተዋል። መቼ ይመጣል ብትዪኝ አላውቅም። የዘንድሮው መስቀል ቀርቷል፣ የከርሞውንም እንጃ። የበሬ ቅርጫ ውስጥ ድርሻ በስሙ እንዳስገባሽለት ነግሮኛል፤ ለሌላ ሰው አዙሪው። ሀሌሉያም መናኸሪያ ወጥታ አውቶቡስ እንዳትቆጥር ከአሁኑ ንገሪያት።

ጋሼ ያችን እሑድ አያውቃትም። ተናግሬ ያልተሰማሁ ነው የሚመስለው፤ አውቄ ዝም ማለቴን አያውቅም። ልነግረው አፌን ስከፍት ወንድሜ ይለኛል፣ አፌ ይዘጋል። ለዚህ ነው ላንቺ የጻፍኩት። በእሱ አትዘኚ። የምትጮኺበት ሰው ካስፈለገሽ እኔ አለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ፤ ጠብታውን ታድርግ፣ ይኼን ጉድ ግን አትስማ። ለአክስቴ ለፍሬገነት፣ ለባሏና ለልጆቿ ሰላምታዬን አቅርቢ። ሀሌሉያን ሁለት ጉንጯን ሳሚልኝ፤ ጫማው ከድንቅነሽ ጋር ተልኳል፣ አባቷ ነው የገዛው። አንቺን ሰላም ለማለት ግን አፍሬያለሁ። ጋሼ እሑድ ይደውልልሻል። ይቅር ካልሽኝ፣ ታምሩ እንዴት ነው ብለሽ ጠይቂው፤ ይነግረኛል። ካልጠየቅሽው ደግሞ ይገባኛል።

በደለኛው ወንድምሽ
ታምሩ

ጆሃንስበርግ
ጳጉሜን 3 ቀን 2013 ዓ.ም.