ጎርፉን ስላስቆመውና አረቦኑን ስለሰቀለው ግንባችን

ለጽኑ ጥላ ኢንሹራንስ አክሲዮን ማኅበር ክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ቤትዎም ከጣሪያው እስከ መሠረቱ እንደምን ሰነበታችሁ እያልኩ የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ቤትዎን ለይቼ መጠየቄ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ ከድርጅትዎ ጋር ከተዋወቅሁ ወዲህ የሰው ጤና ከመጠየቄ በፊት ቤቱ ወንዝ ዳር ይሁን አይሁን ማሰብ ልማድ ሆኖብኛል። እኛ በቡራዩ ያለን ደንበኞችዎ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደኅና ነን። ደኅና በመሆናችን ግን ጥፋተኞች ሆነን ስለተገኘን፣ ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ እንዲያነበው በግልጽ ልጽፍልዎ ተገድጃለሁ።

ስሜ ኤልሳቤት ይገዙ ይባላል። ከገፈርሳ መንገድ ገባ ብሎ፣ ጅረት ዳር፣ የምኖርበትም የተማሪ ደንብ ልብስ የምሰፋበትም አንድ ቤት አለኝ። የስፌት መኪኖቼን የገዛሁት ቤቱን ለባንክ አስይዤ ነው። ባንኩም ኢንሹራንስ የሌለው ቤት መያዣ አይሆነኝም ስላለኝ ወደ እርስዎ መጣሁ። እንግዲህ ነገሩ ባጭሩ ይህ ነው፦ የእርስዎን አረቦን መክፈል ካቃተኝ ዋስትናው ይቋረጣል፤ ዋስትናው ከተቋረጠ ባንኩ ቤቴን ለሐራጅ ያወጣዋል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የቀረውን ሲያነቡ ሴትዮዋ ሥራ ፈትታ ነው እንዳይሉኝ ነው።

አንደኛው ቅሬታዬ በገዛ ሞኝነቴ ላይ ነው። የዛሬ ሁለት ክረምት ጅረታችን ሞልታ ቤታችን ገባች፤ ለመስከረም ያዘጋጀሁት ጨርቅ በሙሉ ጭቃ ጠጣ። በበጋው የእድራችን ዳኛ ኦቦ ዲሪርሳ ሰፈሩን ሰብስበው፣ ሌላ ሰው እስኪመጣልን ብንጠብቅ የሚቀድመው ክረምቱ ነው አሉን። ባለሙያዎች ጋቢዮን የሚሉትን፣ ድንጋይ በሽቦ ታስሮ የሚቆለልበትን ግንብ በጅረቷ ዳር ሠራን። ሽቦውን ብረት ሠሪው አብዱልከሪም ጎንጉኖ አሰረ፤ ከደቡብ መጥተው ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩት ልጆች እሑድ ከአምልኮ ሲመለሱ ልብሳቸውን ቀይረው ድንጋይ ያቀብሉ ነበር፤ እኔም ወንበር የለመደ ወገቤ ቁርጥ እስኪል አካፋ ያዝኩ። ያለፈው ክረምት ውኃ መጥቶ ግንቡን ታክኮ ሄደ፤ አንድም ቤት አልገባም። እኔም ደስ ብሎኝ ምን ባደርግ ጥሩ ነው፣ አረቦኑ ይቀነስልኛል ብዬ ግንባችንን መጥታችሁ እዩልን ስል ለድርጅትዎ ጻፍኩ። ማንም አልገፋኝም። በገዛ እጄ ነው።

ሁለተኛ፣ የላኩልን ባለሙያ አቶ ዮአብ እጅግ ጨዋ ወጣት በመሆናቸው ላሳደጓቸው ሰዎች ምስጋናዬ ይድረስልኝ። የመጡት በጥር ነው፤ ጅረቷን ዶሮ እንኳ እግሯን ሳታረጥብ በምትሻገርበት ወር። የጎርፍ ስጋት ለማጥናት ለምን ጥር እንደተመረጠ ጠይቄ ነበር፤ በክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ነው ተባልኩ። ግንቡን ከዳር እስከ ዳር አዩት፣ ፎቶ አነሡት፣ በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉት፤ እንዲህ ያለ ጠንካራ ሥራ አይተው እንደማያውቁም ነገሩን። ኦቦ ዲሪርሳ ደስታቸው ገደብ አጥቶ፣ ገለቶማ ገለቶማ እያሉ በኦሮምኛ አመስግነው ቤታቸው አስገብተው እርጎ አጠጧቸው። ያ እርጎ ዛሬ ድረስ ያንገበግበኛል።

ወሩ ሳይሞላ ደብዳቤዎ ደረሰኝ። በአካባቢው የጎርፍ መከላከያ ግንብ መኖሩ አካባቢው ለጎርፍ የተጋለጠ መሆኑን ስለሚያረጋግጥ አረቦኑ ከእጥፍ በላይ እንዲጨምር ተወስኗል ይላል። እኔ መጀመሪያ የሌላ ሰው ደብዳቤ በስሕተት የመጣብኝ መስሎኝ ነበር። ደግሜ ሳነበው ስሜም፣ ቤቴም፣ ግንባችንም አለበት። በዚህ አካሄድ በሩን የሚቆልፍ ሁሉ ሌባ ጠርቷል፣ ጃንጥላ የያዘም ዝናቡን ያመጣው እሱ ነው ማለት ነው፤ የድርጅትዎን ስም ያወጣው ሰው ይህን ቢሰማ ምን ይል እንደነበር እንጃ።

ሦስተኛ፣ ክፉ አያሳስበኝ እንጂ፣ ግንባችን የሚያልቅበት ቦታ ላይ አንድ ቤት አለ። የድርጅትዎ የቡራዩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የአቶ ወንዳፍራሽ ቤት ነው። ግንቡ ሲሠራ ጉልበትም ድንጋይም ስንጠይቃቸው፣ እኔ ኢንሹራንስ አለኝ፣ እኔን እለፉኝ ብለው በትሕትና ሸኙን፤ እኛም አጥራቸው ጋ ስንደርስ አቆምን። በቀደም ሠርግ ላይ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን ሰው ሁሉ ስለ አረቦን ሲያማርር፣ የእሳቸው እንዳልተነካ በራሳቸው አፍ ነገሩን። አቶ ዮአብ ቤታቸውን አይተው ምንም ዓይነት የጎርፍ ምልክት አላገኙበትም፤ ግንብ የለበትማ። እኔ ሰውየው ለራሳቸው አደሉ አላልኩም፤ አፌን ቁርጥ ያድርገው። የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ያቺ ጅረት የእኛን ደጅ እያገሳች አልፋ አቶ ወንዳፍራሽ አጥር ጋ ስትደርስ ማነው የሚያስተኛት?

አራተኛ፣ ደብዳቤዎ በደረሰኝ ሰሞን ዲኖ የሚባል ደላላ በሬን አንኳኳ። ቤቴን እንደምሸጥ ሰምቶ እንደመጣ ነገረኝ፤ እኔ ግን ገና ራሴ አልሰማሁም ነበር። ባንኬንም ያውቃል፣ አዲሱን አረቦንም ያውቃል። የጎርፍ ቤት ነውና በዋጋው አትጨክኚ አለኝ፤ ገዢው ታዲያ ለምን ፈለገው ብዬ ብጠይቀው፣ ግንቡን አይቶ ወደደው አለኝ። ስለዚህ ያው ግንብ እርስዎ ዘንድ ስጋት፣ ገዢው ዘንድ መተማመኛ፣ እኔ ዘንድ ዕዳ ሆኗል። ወሬው ከየት እንደወጣ አላውቅም፤ ደላላ መቼስ አፍንጫ አለው። ነገሩ ግን አልዋጥልኝ ብሏል፤ እስከ ዛሬም በር ሲንኳኳ ማን እንደሆነ ሳልጠይቅ አልከፍትም።

አምስተኛው አጭር ነው። ሱሉልታ ያለችው የሙያ ጓደኛዬ ዕድላዊት ሜዳው ውኃ ስለሚተኛበት በግቢዋ ዙሪያ ቦይ ብታስቆፍር አረቦኗ ጨመረ። ሰበታ ያለው ወንድሜ ወለሉን ቢያስነሣ የእሱም ጨመረ። ምንም ያላደረገ ሰው ግን እስካሁን ሲጨመርበት አልሰማሁም። አጋጣሚ ነው ብዬ ራሴን ለማሳመን ብዙ ሞክሬያለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ ሁሉ ትሕትና ሥር ያለውን ልንገርዎ፤ ፈርቻለሁ። ውኃውን አይደለም የምፈራው፤ ውኃውን ከጎረቤቶቼ ጋር ሆኜ መልሼዋለሁ። የምፈራው በጠራራ ፀሐይ፣ ጠብታ ሳይዘንብ፣ በወረቀት ከቤቴ መውጣትን ነው። ለዚያኛው ጎርፍ በየትኛው በኩል ግንብ እንደሚሠራ ኦቦ ዲሪርሳም አያውቁም።

በመሆኑም እድራችን ተሰብስቦ የሚከተለውን በአንድ ድምፅ ጠይቋል። ግንቡ ስጋት ነው የሚለው የድርጅትዎ እምነት የጸና ከሆነ፣ እንድናፈርሰው በፊርማዎና በማኅተምዎ ይዘዙን። አካፋውም ጉልበቱም አለን፤ ከሰኔ በፊት ድንጋዩን አንድ በአንድ አውርደን ጅረት ዳሩን እንደ አቶ ወንዳፍራሽ ደጅ ለጥ ያለ እናደርገዋለን። እርስዎም አካባቢያችን ጎርፍ የማያሰጋው መሆኑን ጽፈው አረቦኑን ወደ ቀድሞው ይመልሱልን፤ በሐምሌ ውኃው ሲገባ ካሳችንን ለመቀበል በርዎ ላይ ተሰልፈን እንገኛለን። ይህን ማዘዝ የሚከብድዎ ከሆነ ግን፣ ለምን እንደከበደዎ ለራስዎ ከመለሱ በኋላ፣ መልሱን ለእኔም ቢጽፉልኝ ደስታውን አልችለውም።

ጊዜዎን በማባከኔ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ለቤቴ ላሳዩት ከእኔ የበለጠ አሳቢነት ከልብ አመሰግናለሁ። ጣሪያዎ አይንጠብ፣ ደጅዎም ደረቅ ይሁን።

ቤቷ እስካለ ድረስ ደንበኛዎ የሆነችው፣
ኤልሳቤት ይገዙ
ቡራዩ፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ጨርሼ ልልከው ስል አንድ ነገር ሰማሁ። አቶ ወንዳፍራሽ ባለፈው ቅዳሜ ኦቦ ዲሪርሳ ቤት መጥተው፣ ክረምቱ ሳይገባ ግንቡ በእሳቸው አጥር በኩልም እንዲቀጥል ለምነዋል። ጎረቤት ናቸውና እድሩ እሺ ብሏል፤ አብዱልከሪምም ሽቦውን ጀምሮታል። አደራ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ግንቡ እንዳይታይ ላዩን ሐረግ እንድናለብስላቸው። ከማን ዓይን እንደሚደበቅ አልነገሩንም፣ እኛም አልጠየቅናቸውም። የጠየቅናቸው ችግኙን ከየት እንደሚያመጡት ነው፤ ለሁላችንም የሚበቃ አለ ብለውናል።