የአባትሽ አውራ ጣት

ውድ ዮርዳኖስ፣

ሰላምታውን አሳጥሬ በቀጥታ ወደ ጥፋቴ ልግባ፤ ይህን ደብዳቤ ሐዋሳ ድረስ ይዛልሽ የምትመጣው ተዋበች፣ የመኪናው ረዳት እየጮኸባት ቆማ ትጠብቀኛለች። አባትሽ ሰባት ጊዜ ስትደውዪ ያላነሱት ተቀይመውሽ አይደለም። ጥፋቱ የኔ የዝናቡ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ሳለን ካልኩሌተርሽን ፈታትቶ መልሶ መግጠም ያቃተው የዚያ ልጅ።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳሽ። አንዷለምን ልታገቢ መሆኑን ሲሰሙ አባትሽ «ፊቱን ያላየሁትን ሰው አልመርቅም» አሉ። አንቺም እየተያያችሁ እንድትነጋገሩ ብለሽ ያገለገለ ታብሌት በኔ የጥገና ሱቅ በኩል ላክሽላቸው። ታብሌቱ ግን አርጅቷል። ፋብሪካው ሶፍትዌሩን ማደስ ካቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ የቪዲዮ መደወያውም አልጫን አለ። ስለዚህ የድሮውን አጥፍቼ ሌላ ጫንኩበት። ይህኛው የማንም ኩባንያ አይደለም። በየአገሩ ያሉ ሰዎች ከሥራቸው በተረፈ ሰዓት ያለ ክፍያ የሚጽፉት ነው፤ የፈለገ ወስዶ ስልኩና ታብሌቱ ላይ ይጭነዋል፣ የቻለ ያርመዋል። ታብሌቱ ነፍስ ዘራ። ነካካሁት፣ ሁሉም ይሠራል። «ሠርቷል አባባ» ብዬ ሰጠኋቸው።

በማን ጣት ሞከርኩት? በኔው! ቀኑን ሙሉ ጥላ ሥር ተቀምጦ ብሎን በሚፈታ ጣት። አባትሽ ዕድሜ ልካቸውን ድንጋይ ሲፈነቅሉና እርከን ሲሠሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ስክሪኑ አውራ ጣታቸውን ጣት ብሎ አልቆጠረውም። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ኔትወርክ ፍለጋ ብቻቸውን ጉብታው ላይ ይወጣሉ። አንቺ ትደውያለሽ፣ ታብሌቱ ይጮኻል፣ ፎቶሽ ይመጣል። ይጫኑታል፣ ያሹታል፣ ጣታቸውን በምራቅ ያርሱታል፤ ወይ ፍንክች! እጃቸው የሞተ መስሏቸው ለሰው መናገሩን አፈሩ። አንቺ ደግሞ እምቢ ያሉሽ መስሎሽ ሠርጉን አራዘምሽ፣ ቁጥርሽንም ቀየርሽ።

ይህን ሁሉ ያወቅሁት አንድ ቅዳሜ ገበያ ወጥተው ታብሌቱን ጠረጴዛዬ ላይ ሲያስቀምጡት ነው።

«ውሰደው ልጄ። ለሰው ሁሉ ይታዘዛል አሉ፤ እኔን ግን አላወቀኝም።»

አሁን የሚብሰውን ልናገር። ታብሌቱን መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ሠርጉ መራዘሙን ሰምቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ሳታውቂው አትቀሪም፤ እኔ ግን አንድም ቀን አፍ አውጥቼ አልነገርኩሽም። በሦስተኛው ቅዳሜ አባትሽ በሱቄ በር ሲያልፉ ሰላም አሉኝ፤ እጃቸውን ግን ከጋቢያቸው አላወጡም። ያን ጊዜ በራሴ አፈርኩ።

የዚያኑ ዕለት ሶፍትዌሩን ያለ ክፍያ ለሚጽፉት ለነዚያ ሰዎች በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ ጻፍኩላቸው። በማግስቱ አንድ የማላውቀው ሰው መለሰልኝ። ጓንት ላጠለቀ እጅ የተሠራ ማስተካከያ ሌሎች ስልኮች ላይ አለ፤ ለዚህ ታብሌት ግን የጠየቀ ስለሌለ አልተሠራም። ሻካራ ጣት ያለው ሞካሪ ካገኘህልን እንሞክረው አለኝ። ሰቆጣ ዙሪያ ሻካራ ጣት ሊጠፋ!

ለአባትሽ ስነግራቸው ዓይናቸውን አፈጠጡብኝ።

«ያለ ገንዘብ ነው የሚሠሩት?»

«አዎ አባባ።»

«ወንፈል ነዋ! ጠላውንስ ማን ጠመቀላቸው?»

«ማንም።»

«እንግዲያው እኔም ቀኔን ልስጣቸው። የሰው ጉልበት በልቶ የሚቀር ሰው አይደለሁም።»

አራት ቅዳሜ ተመላለሱ። የተላከልኝን እጭናለሁ፣ እሳቸው ይነካሉ፣ እኔ የሆነውን እጽፋለሁ። ሦስቱ ከሸፉ። አንደኛውማ ማንም ሳይነካው በራሱ ይከፋፍት ጀመር፤ «ይሄስ ጠበል ነው የሚያሻው» አሉ። በአራተኛው ቅዳሜ አውራ ጣታቸውን አሳረፉበት፣ ተከፈተ። ጣታቸውን አገላብጠው አዩት። ዘጉት፣ ደግመው ከፈቱት፤ ሱቁ ውስጥ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። ማስተካከያው አሁን እንዲህ ያለ ታብሌት ላለው ሰው ሁሉ ወጥቷል። ከሠሩት ሰዎች ስም መካከል የአባትሽም ስም «ደሞዝ፣ ሰቆጣ» ተብሎ ሰፍሯል።

እንግዲህ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በድሮው አድራሻ ደውዪ። አንዷለምንም አጠገብሽ አስቀምጪው፤ ፊቱን ታጥቦ ይጠብቅ። መነጽራቸውን ፈልገው እስኪያደርጉ ጊዜ ይወስዳልና ቶሎ እንዳትዘጊው። እኔ ላንሳልዎት ብላቸው ተቆጥተውኛል።

እስከዚያው ይለማመዳሉ። ጉብታው ላይ ይወጡና ከሱቄ እደውልላቸዋለሁ። ያነሳሉ፤ ገና ፊቴ ሳይታያቸው «ልጄ፣ ተባረኪ! ውለጂ ክበጂ! ትዳርሽን የአብርሃም የሣራ ያድርግልሽ!» ብለው ያወርዱታል። «ኧረ ዝናቡ ነኝ አባባ» ብል ማን ሰምቶኝ። እስከ ትናንት አሥራ አንድ ጊዜ ባንቺ ፈንታ ተመርቄያለሁ፤ አሥራ አንዱንም ጊዜ ከልቤ አሜን ብያለሁ። ምርቃትሽን ሳልጨርስብሽ ደውዪ።

የድሮ ጎረቤትሽ
ዝናቡ፣ ከሰቆጣ