አባባን የሚያየው ርካሽ ኮምፒውተር

ውድ ወንድሜ ኦግኒያን፣

"ውድ" ያልኩህ ደብዳቤ በሌላ ቃል ሲጀመር አይቼ ስለማላውቅ ነው እንጂ፣ አሁን አፌ ላይ ያለው ስምህ ሌላ ነው። እሱን ብጽፈው እማዬ ትቆጣኛለች። ያልደወልኩልህም ሆን ብዬ ነው። በስልክ ገና አፌን ስከፍት "ዲሊያና፣ ሥራ ላይ ነኝ" ትላለህ፤ ወረቀት ላይ ግን ልታቋርጠኝ አትችልም። ስቱትጋርት ሲደርስህ ቁጭ በልና እስከ መጨረሻው አንብበው።

አንተ ነገሩን የምታውቀው ከመሃሉ ስለሆነ ከሥሩ ልጀምርልህ። የጎረቤታችን የእትዬ ዶችካ የአረቄ ማውጫ፣ ያ ትልቁ የመዳብ ጋን ተሰርቆ ባደረ ሰሞን እማዬ እንቅልፍ አጣች። አባባን ከቀበርን ክረምቱ ገና አልወጣም ነበር። "ልጄ ይምጣና ጥቂት ቀን አብሮኝ ይሰንብት፣ መዝጊያውንም ያጠብቅልኝ" አለችኝ፤ እኔም ቃሏን ሳልጨምር ሳልቀንስ ነገርኩህ። በአንተ ፈንታ ካርቶን መጣ። ካርቶኑ ውስጥ ካሜራዎች ነበሩ። ከካርቶኑ ቀጥሎ ደግሞ ትእዛዝህ ደረሰ፤ "የሚቀዳበትን ኮምፒውተር እዚያው ግዢ። ርካሽ ይሁን፤ ያገለገለም ይበቃል።"

ቭራጻ ከተማ፣ ገበያው ጀርባ ያገለገለ ዕቃ የሚሸጠው አስፓሩህ አብሮህ የተማረው ነው። መጀመሪያ ያወጣልኝ ሆዱ ውስጥ ቀይና ሰማያዊ መብራት ቦግ እልም የሚል፣ ጎረምሶች ጨዋታ የሚጫወቱበትን ነበር።

"ይሄን ውሰጂ፤ ሌባው ገና መብራቱን ሲያይ እግሬ አውጪኝ ይላል።"

"ሌባው ቤት ከገባ በኋላ ቢያየው ምን ይፈይድልኛል? ደሞ ሌት ተቀን ሲበራ የመብራቱን ሂሳብ አንተ ልትከፍልልኝ ነው?"

"ወንድምሽ ይክፈላ! ጀርመን አይደል እንዴ ያለው?"

"ወንድሜማ ርካሽ ነው ያለኝ።"

"አልተለወጠማ! ትምህርት ቤትም እያለን ሲጋራ ለምኖ ነበር የሚያጨሰው" ብሎ ሳቀብህ። እኔም አብሬው ሳቅሁ። ይቅርታ አልጠይቅህም።

በመጨረሻ ከአንድ መሥሪያ ቤት ተወግዶ የመጣ ጠፍጣፋ ጥቁር ኮምፒውተር መረጥኩ። አይጮኽም፣ መብራት አይበላም፣ ሳይጠፋ መዋል ማደር የለመደ ነው። ሃርድ ዲስኩን ብቻ አዲስ አስገባሁበት፤ ካሜራዎቹ ያዩትን ሁሉ ያለ እረፍት የሚጽፈው እሱ ስለሆነ እዚያ ላይ መቆጠብ አልፈለግኩም። አስፓሩህ ግን አስጠንቅቆኝ ነበር። "መቅዳቱን ይቀዳልሻል። ሰውን ሰው ካልሆነው ለይ ስትይው ግን ግራ ይገባዋል፤ እሱ ጉልበት ያለው ማሽን ይፈልጋል" አለኝ። ይህንንም ነገርኩህ። "ግድ የለም፣ ርካሹን" አልክ። ይህችን ቃልህን ያዛት፣ እመለስባታለሁ።

ካሜራዎቹን ሰቀልን፤ ኮምፒውተሩንም ወጥ ቤት መደርደሪያው ላይ አስቀመጥነው። አንድ ሰው በር ላይ ሲቆም እዚያው ደወል ይደውላል፣ አንተ ስልክ ላይም "ሰው በር ላይ ቆሟል" ብሎ ይጽፋል። ከዚያን ቀን ወዲህ እማዬ ለዶሮዎቿ ጥሬ ልትበትን ስትወጣ እንኳ ፀጉሯን አበጥራ፣ የእሁድ ሻሿን አስራ ነው። ግቢው መሃል ትቆምና ቀና ብላ እጇን ታውለበልብልሃለች። "ኦጊ አየኝ" እያለች ትገባለች። አንተ ግን ምን አልከኝ? "የግቢውን ካሜራ ከስልኬ አጥፍቼዋለሁ፤ እማዬ ቀኑን ሙሉ እየተመላለሰች ስልኬን አስጮኸችው።" ይህን እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። አሁንም ታውለበልባለች።

አሁን ወደ በሩ ልምጣ። ሰው ሲሞት ፎቶውን በወረቀት አሳትመን በር ላይ እንደምንለጥፍ፣ ለአርባው፣ ለስድስት ወሩና ለሙት ዓመቱም እንደምናድሰው ስቱትጋርት ካላስረሳህ ታውቃለህ። ለአርባው አልመጣህም። ለስድስት ወሩም አልመጣህም። እማዬ የስድስት ወሩን ትልቅ አድርጋ አሳተመችው፤ ፎቶውንም ራሷ መረጠች፣ ወይን ስንለቅም ባርኔጣውን አድርጎ የተነሳውን። ነፋስ ወረቀቱን ሲያወዛውዘው ያ ምስኪን ኮምፒውተር ፊት አየ፣ እንቅስቃሴ አየ፣ ሰው ነው አለ። አንተም ደወልክ። እማዬ የተባባላችሁትን ቃል በቃል ነግራኛለች።

"እማዬ፣ በር ላይ የቆመው ሰውዬ ማነው?"

"የቱ ሰውዬ ልጄ? ማንም የለም።"

"አለ እንጂ! ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ፣ ይኸው እያየሁት።"

"እሱማ አባትህ ነው።"

ኦግኒያን፣ አባትህን አላወቅኸውም! ስክሪኑ ትንሽ ነው ትል ይሆናል። ይሁን፣ ሥራ ላይ ነበርክ እንበል። ግን ከዚያ በኋላ ዝም ማለት አቃተህ? ማፈር አቃተህ? "ታዲያ አንሺዋ እሱን ወረቀት፣ እየጮኸ ሥራ አላሠራኝም" አልካት። በዚህች ቃልህ ስንት ቀን እንደተብሰከሰክሁ አታውቅም። እማዬ ደግሞ አንተ ያልከውን እምቢ ብላ ታውቃለች? ነቅላ፣ አጣጥፋ፣ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

እሁድ እማዬ ጋ ስመጣ ባዶ በር ጠበቀኝ፤ የምስማሮቹ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። እማዬ ጓሮ ቃሪያ እየጠበሰች ነበር። ዓይኗ የቀላው ከጭሱ እንደሆነ ነገረችኝ። እትዬ ዶችካ በአጥር ላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ "አንቺ ጽቬታና፣ ቤቱን ሸጥሽው እንዴ?" አለቻት። ምን ታድርግ፣ በእኛ ሰፈር ሙት ዓመት ሳይሞላ የሐዘን ወረቀት የሚነሳው ቤቱ ሲሸጥ ብቻ ነው። እማዬ "አይ፣ ኦጊ ነው አንሺው ያለኝ" ብላ መለሰችላት። ዶችካ አንገቷን መልሳ ከአጥሩ ጀርባ ሳበች።

ያኔ ነው ደውዬ የጮኽኩብህ። አንተም ብልህ ሆነህ "እሺ፣ ጠንካራ ኮምፒውተር ግዙ፤ እኔ እከፍላለሁ፤ እሱ ወረቀትን ከሰው ይለያል" አልክ። ርካሹን ያልከው አንተ፣ ጥፋተኛዋ እኔ። ቢሆንም ለእማዬ ስል እሺ አልኩ። ወረቀቱ ወደ በሩ ይመለስ እንጂ ኮምፒውተሩ የፈለገውን ይሁን ብዬ ይዣት ቭራጻ ወረድኩ።

አስፓሩህ ጌጥ የሌለው፣ ዋጋውም የማይጎዳ ጠንካራ ማሽን አወጣና ከካሜራ ጋር አያያዘው። ራሱ ካሜራው ፊት ሲቆም ማሽኑ ደወለ። ከዚያ የአንድ ዘፋኝ ፊት ያለበት ጋዜጣ አንስቶ እያወዛወዘ አሳየው። ማሽኑ ጭጭ አለ።

"አዩ እማማ ጽቬታና? አይሸወድም።"

እማዬ ጠጋ ብላ አየችው። "የኛውስ ይህን ጋዜጣ ሰው ይለው ነበር?"

"ይለዋል! ያ ጅል ነው እማማ፤ ፊት ካየ ያምናል።"

"ይሄኛው ታዲያ የኔን ሰውዬ ሲያይ ምን ይላል?"

"ምንም አይልም። ወረቀት መሆኑን ያውቃላ።"

እማዬ ቦርሳዋን ከጠረጴዛው ላይ አነሳች። "ወረቀት መሆኑንማ እኔም አውቃለሁ" አለችው። "ይህንኑ የሚነግረኝ ማሽን ምን ያደርግልኛል? ያ ጅሉ ይበቃኛል።"

አስፓሩህን ጋዜጣውን እንደያዘ ትተነው ወጣን። አውቶቡስ ውስጥ እማዬ ጉዱን ነገረችኝ። ለካ አባባ በር ላይ ሳለ ወጥ ቤት ደወሉ በደወለ ቁጥር "መጣሁ፣ መጣሁ" ትለው ነበር። ድሮ ከወይን ቦታው ሲመለስ እንደምትለው። ካነሳችው ወዲህ ወጥ ቤቱ ጸጥ አለ፤ ይህንን ነው አንሺው ያልካት። እንዲህ እንደሆነ አላወቅሁም እንዳትለኝ። ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር።

ስለዚህ ኮምፒውተር አልገዛንም። ገንዘብህን ለመምጫህ የአውቶቡስ ቲኬት አስቀምጠው። የአባባን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቼ፣ እጥፋቱን በእጄ ደልድዬ፣ ካሜራው ፊት ለፊት በአዲስ ምስማር መትቼዋለሁ። ስልክህ ይጮኻል። ግቢውን እንዳጠፋኸው በሩንም ልታጠፋው ትችላለህ፤ አሁን ግን ማንን እንደምታጠፋ እያወቅህ ነው።

ለሙት ዓመቱ ስንዴውን እኔና እማዬ እንቀቅላለን። አዲሱን ወረቀት የምትለጥፈው ግን አንተ ነህ፣ በገዛ እጅህ። እስከዚያ ድረስ "ሰው በር ላይ ቆሟል" ሲልህ ማነው ብለህ እንዳትደውል፤ አባትህ ነው። እማዬ ግን ደወሉ ሲደውል "መጣሁ" ብላ፣ እጇን በሽርጧ ጠርጋ፣ አሁንም በሩን ትከፍታለች። አባባ እንዳልሆነ ታውቃለች። የምትከፍተው ምናልባት አንተ ብትሆን ብላ ነው።

ተቆጥታም እህትህ የሆነች፣
ዲሊያና