ከመስታወቱ አታላቅቂያት

ለእህትም ለእናትም ለሆንሽኝ ለእታለም፤

እንዴት ነሽልኝ? ጉልበትሽ እንዴት ሆነ? ደረጃ ስትወጪ አሁንም ያስቃስትሻል ወይስ ተሻለሽ? አባባስ እንዴት ናቸው፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ። ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለኝ የለም ልልሽ ነበር፤ አንቺ ግን ውሸቴን ከእጅ ጽሑፌ ስለምታውቂ፣ "ደኅና ነኝ" በሚለው ይብቃን።

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ጣሪያው አፍስሶ ሳጥኑ መራሱን፣ የእማዬ ፎቶ ከመስታወቱ ጋር መጣበቁን፣ ቁጭ ብለሽ በቢላ ልታላቅቂው ማሰብሽን ሳነብ ደነገጥኩ። እባክሽ እታለም፣ እጅሽን ሰብስቢ! ብትስቢው ወረቀቱ ወደ አንቺ ይመጣል፣ ፊቷ መስታወቱ ላይ ይቀራል። እንዳለ ተይው። ከነመስታወቱ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስተኝተሽ፣ ነፋስ በሚገባበት ጥላ ውስጥ ይሰንብት፤ ፀሐይ እንዳታሳዪው። ከዚያ ፎቶ አንሺ ጠርተሽ በመስታወቱ ላይ እንዳለ ይቅዳልሽ። ሰነዶቹንና መጻሕፍቱን ደግሞ በየገጹ መካከል ንጹሕ ወረቀት እያስገባሽ፣ ያ ሲርስ በደረቅ እየለወጥሽ አድርቂያቸው። የተጣበቀ ገጽ በጥፍር አይፈለቀቅም። አባባ "እሳት ዳር ይድረቅ" ማለታቸው አይቀርም፤ እሺ ብለሽ ዝም በያቸውና አታድርጊው።

"ይህን ሁሉ ከየት አመጣሽው?" እንደምትይ አውቃለሁ። ባለፈው "ሥራ ቀየርኩ" ብዬሽ አልፌ ነበር። ያልነገርኩሽ ላስጨንቅሽ ስላልፈለግሁ ነው፤ አሁን ግን ለአንቺ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ?

በክረምቱ መጨረሻ እዚህ ወንዙ ሞልቶ የታችኛውን ሰፈር ጠራርጎ ወሰደው። ውሃው ሲጎድል የሰው ፎቶ፣ የልደት ወረቀት፣ የጋብቻ ወረቀት፣ መጽሐፍ፣ ምኑ ቅጡ፣ በየአጥሩ ሥር ከጭቃ ጋር ተለውሶ ተገኘ። የተሰበሰበውን ሁሉ አንድ አሮጌ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ከመሩት። እኔም ከልብስ እጥበቱ ሥራ ወጥቼ እዚያ ገባሁ። አለቃችን ጡረታ የወጡ መጽሐፍ ጠራዥ ናቸው። ቀኑን ሙሉ "ቀስ! ቀስ በሉ!" ስለሚሉን እማማ ቀስታ ብለናቸዋል። ስሙን የሰሙ ቀን "እሱንም ቢሆን ቀስ ብላችሁ ጥሩኝ" ብለው አሳቁን።

ፎቶውን ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ያለበት ሳፋ ውስጥ አጋድመን ጭቃውን በለስላሳ ብሩሽ እናስለቅቃለን፤ ምስሉን በጣት መንካት ክልክል ነው። ከዚያ እንደ ልብስ ገመድ ላይ እንሰቅለዋለን። ገና ያልደረስንበትን ፎቶ ሻጋታ እንዳይቀድመን ፍሪዘር ውስጥ እናቆየዋለን። ታዲያ አንዳንዱ ውሃ ሲነካው ቀለሙ ይለቃል። ዓይንሽ እያየ አንድ ሙሽራ ከነፈገግታው ይሟሟና ሳፋው ውስጥ እንደ ጭስ ይበተናል። ያን ውሃ ስደፋ፣ እታለም፣ ሰው የምደፋ ይመስለኛል። ዳቦ ልገዛ ስሰለፍ ከፊቴ የቆመች ሴት ዘወር ትልና፣ ገመድ ላይ የሰቀልኳት ትሆናለች። ደንግጬ ስጠጋ ሌላ ሰው ናት። እማማ ቀስታ ጠዋት ሲገቡ ለተሰቀሉት ፎቶዎች "እንደምን አደራችሁ" ይላሉ። በመጀመሪያ ስቄባቸው ነበር፤ አሁን እኔም ሰላም ሳልላቸው አላልፍም።

የደረቁትን በረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ እንደረድራለን፤ ባለቤቶቹ እየዞሩ የየራሳቸውን ይፈልጋሉ። ከሁሉም የማይቀሩት አንድ ቁልፍ ሠሪ ነበሩ። ውሃው ቤታቸውንም ሚስታቸውንም ነው የወሰደው፤ ሬሳዋ እንኳ አልተገኘም። "ምን ትመስል ነበር? እኛም እንፈልግልዎ" ስላቸው "ሳያት አውቃታለሁ" ይሉኛል እንጂ ሌላ አይጨምሩም። ቀስ ብለው ይዞራሉ፣ ያመሰግናሉ፣ ይወጣሉ፣ በነጋታው ይመለሳሉ።

አንድ ቀን ከመስታወቱ ጋር የተጣበቀ ፎቶ ፊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ያጠብኩት እኔ ነበርኩ። አንዲት ሴት በር ላይ ቆማ፣ አንድ እጇን ወንበር ላይ አሳርፋለች። ውሃው ግማሽ ፊቷን በልቶታል፤ የቀረው አንድ ዓይን፣ ግንባሯና የከንፈሯ ጫፍ ነው። "ይቺ ናት" አሉ። በዚያ ፎቶ አጠገብ ስንት ቀን ሳይቆሙ ሲያልፉ አይቻቸዋለሁ። ለእማማ ቀስታ በጆሯቸው ነገርኳቸው። እሳቸውም ሄደው "እርግጠኛ ነዎት?" አሏቸው። "ሚስቱን የማያውቅ ባል አለ?" ብለው መለሱ። እማማ ቀስታ ወደኔ ዞረው "ሐዘንተኛን እንደ ሌባ አንመርምር፤ ጠቅልይላቸው" አሉኝ። ጠቀለልኩላቸው። እንደ ሕፃን አቅፈዋት ወጡ።

ጥቂት ሰንብቶ አንዲት የአውቶቡስ ሾፌር እያነከሰች መጣች። በጎርፉ እግሯ ተሰብሮ ሐኪም ቤት ነው የከረመችው። "የእናቴን ፎቶ ነው የምፈልገው፤ ሌላ የላትም" አለችኝ። "በራችን ላይ ቆማ ነው የተነሳችው። እጇን ያሳረፈችበትን ወንበር የሠራው አባቴ ነው፤ መደገፊያው ላይ አንድ እንጨት ጎድሎታል፤ ልጅ ሆኜ እኔ ነኝ የሰበርኩት።" ያን ወንበር የሸፈነውን ጭቃ ከመስታወቱ ላይ በብሩሽ ያስለቀቅሁት በገዛ እጄ ነው፤ የጎደለችውንም እንጨት አይቻለሁ። እማማ ቀስታ ምንም አልሸፋፈኑም፤ የሆነውን ሁሉ ነገሯት። ቀልታ ጠቆረች። "እናቴን ለማያውቃት ወንድ ሰጣችኋት?" አለች።

ሦስታችንም ሄድን። ቁልፍ ሠሪው አንድ ጎማ ቤት ጀርባ ጠባብ ክፍል ተከራይተዋል። በሩ ገርበብ ብሏል፤ እየተጫወቱ ነበር። ከእንግዳ ጋር ያሉ መስሎን ቆመን ጠበቅን። ሳቅ አሉ፣ ዝም አሉ፣ ደግሞ ቀጠሉ፤ የሚመልስላቸው ድምፅ ግን አይሰማም። እማማ ቀስታ በሩን ሲገፉት ፎቶው ከጠረጴዛው በላይ ተሰቅሏል። ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ ሻይ አለ፤ አንደኛው ከፎቶው ፊት ቀዝቅዞ ሽፋን ሠርቷል።

ቁልፍ ሠሪው የሾፌሯን ፊት አዩ፣ ፎቶውን አዩ። የልጅቱና የእናቲቱ ዓይን አንድ ነው። ተነሥተው ፎቶውን አወረዱና መስታወቱን በእጅጌያቸው ወለወሉት። "የኔዋ ፎቶ ተነስታ አታውቅም" አሉ። "'ሰው ፎቶው የሚፈለገው ሲሞት ነው፤ እኔ ገና አልሞትኩም' እያለች ስታሾፍብኝ ኖረች። እንደሌለ አውቃለሁ። ሰው ሁሉ የራሱን ሲፈልግ ግን እኔ እጄን አጣምሬ የት ልቀመጥ?"

"ታዲያ ከዚያ ሁሉ የኔን እናት ለምን መረጡ?" አለች ሾፌሯ።

"ግማሽ ፊታቸው ስለጠፋ ነው፣ ልጄ" አሉ። "በጠፋው በኩል የኔዋ መጣች።"

ፎቶውን በሁለት እጃቸው ሰጧት። ከዚያም "ስማቸው ማን ነበር?" ብለው ጠየቁ። ነገረቻቸው። ጎንበስ ብለው ፎቶውን በዚያ ስም ጠሩና "ይቅር ይበሉኝ እመቤቴ፤ ይህን ያህል ቀን በሰው ስም ስጠራዎት ሳይቆጡ ሰሙኝ" አሉ። እማማ ቀስታ ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። ሾፌሯ ፎቶውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወጣች።

በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ሾፌሯ የደንብ ልብሷን እንደለበሰች አዳራሹ መጣች። ለመክሰስ የመጣች መስሎኝ እጄን ከሳፋው አወጣሁ። አጠገቤ ተቀመጠችና "አንቺም እንደኔ ታዪ እንደሆነ ልጠይቅሽ ነው" አለችኝ። "ፎቶውን ቦታው ሰቀልኩት። ባለው ዓይን በኩል ሳይ እናቴ ናት። በጠፋው በኩል ግን አንዲት የማላውቃት ሴት አለች። ጨርቅ ሸፈንኩበት፤ ከጨርቁ ሥርም አለች። እኔ የማብድ ሰው አልነበርኩም።"

"ታዲያ ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ሰውየው ዘንድ ሄድኩ። 'ሚስትዎ ምን ትመስል ነበር?' አልኳቸው። መቼም ቤቴ ከገባች መልኳን ሳላውቅ እንዴት አብሬያት እኖራለሁ? እሳቸውም ነገሩኝ፤ ጥርሰ ፍንጭት ነበረች፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍን ነበር። ደግሞ ወንዝ ትፈራ ነበር፤ 'ከዚህ እንውጣ' እያለች ስትለምናቸው፣ እሳቸው 'ዛሬ ነገ' እያሉ ነው የቆዩት። ይህን ለማንም አልነገሩም ነበር። እኔ ቀኑን ሙሉ መሪ ላይ ነኝ፤ ቤቴ ባዶውን ነው የሚውለው። 'የቤቴን ቁልፍ ይቅረጹና አንዱን እርስዎ ያስቀሩት፤ ሲከብድዎት ገብተው ይቀመጡ' አልኳቸው። ቀረጹት። ለካ ለሰው ሁሉ ቁልፍ ሲሠሩ ኖረው፣ ለራሳቸው የሚከፍቱት በር አጥተው ነበር።"

ይኸው ነው እታለም። እውነት ልንገርሽ፣ እኔም ያቺን ሴትዮ ማየት ጀምሬያለሁ። ፊቱ የጠፋ ፎቶ ሳፋ ውስጥ ባስገባሁ ቁጥር አፏን በእጇ ሸፍና ውሃው ሥር ትመጣለች። አልፈራትም፤ ውሃውን ግን ስለምትፈራ ቶሎ አወጣታለሁ። እማማ ቀስታ ቀስ በይ አይሉኝም።

በይ እንግዲህ፤ አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝ። ባለቤትሽን ጣሪያውን እንዲያይ አደራ በዪው፤ ከሰላምታዬ ጋር ቁጣዬም ይድረሰው። ትልቁን ልጅሽን ግንባሩን፣ ያቺን ለፍላፊ ሁለቱን ጉንጮቿን ሳሚያቸው። አዲሱ ሕፃን አያውቀኝም፤ ስሜን ጆሮው ላይ ንገሪው። ማዶ ያለችውን አክስታችንን፣ ልብስ ሰፊውን ጎረቤታችንንም ሰላም በያቸው። አንቺን እኔው ራሴ እስክስምሽ ድረስ ጤናሽን ይስጥሽ።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወንዙ ማዶ፣ ከአዳራሹ ጀርባ ካለችው ክፍሌ
እሑድ ጥር 25 ቀን