ባለቤት ይፍቀድ

እንጅባራ፣ መጋቢት 2010 ዓ.ም.

ውድ ዓባይነሽ፣

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንቺ ካለሽበት ሕመም ስለሌለ እሱን ዘልዬዋለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ጾሙን ይዤዋለሁ፤ ሥራም አለ፤ ሰሞኑን ስምንት የቀርከሃ ወንበር ጨርሼ አስረክቤያለሁ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ወንበር አይደለም። የደበቅሽኝን ነገር ስላገኘሁት ነው። አትደንግጪ፣ አልተቆጣሁም።

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናገር። ስልክሽን ገደልኩት። አንቺ ከሄድሽበት ከጥቅምት ጀምሮ ጠዋት ሥራ ስጀምር፣ ልክ እንደምታደርጊው ባዶ ኩባያ ውስጥ አቁሜ፣ ልጃችን ምሕረት የገዛችልሽን የበገና መዝሙር እከፍት ነበር። ድምፁ ኩባያ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ ይወፍራል ያልሽው እውነት ነው። የካቲት ላይ አንድ ቀን ኩባያውን በክርኔ ገፋሁትና ስልኩ ቀርከሃ ከምዘፈዝፍበት በርሜል ገባ። እጄን እስከ ብብቴ ከትቼ አወጣሁት። ሩዝ ውስጥ ቅበረው አሉኝ፣ ቀበርኩት። አልተነሣም።

ጾሙ እየገፋ ሲሄድ የቤቱ ዝምታ ከበደኝ። ለምሕረት ደወልኩ። ከደብረ ማርቆስ ሆና መዝሙሩን እኔ ስልክ ላይ ላከችልኝ፤ መጣ፣ ግን አልከፈት አለ። ሌላ ልግዛልህ አለችና ብትሞክር፣ በስልክ የሚሸጠው ያ መደብር አዲስ መሸጥ አቁሟል፤ ድሮ የተገዛውን ማጫወት ብቻ ነው የቀረው። ልጄ አዘነች። እኔም የሞተውን ስልክሽን በመሐረብ ጠቅልዬ ዳንግላ ወረድኩ። መናኸሪያው አጠገብ ካሳው የሚባል ስልክ ጠጋኝ አለ፤ እዚሁ እንጅባራ፣ ኮሶበር ያሉት ጠጋኞች ሲያቅታቸው ወደ እሱ ነው የሚልኩት።

ካሳው ከስልክሽ ውስጥ ጥፍር የምታህለውን ሚሞሪ አውጥቶ የኔ ስልክ ውስጥ ከተታት።

«ዘፈኑ አለ» አለኝ።

«መዝሙር ነው።»

«እሺ፣ መዝሙሩ አለ፤ ግን ተቆልፏል።» በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነገር አሳየኝ። ምን ይላል ብለው፣ «ባለቤት ይፍቀድ ነው የሚለው፣ አባቴ» አለኝ።

«ፈቅጃለሁ።»

«ባለቤቱ እርስዎ አይደሉም እኮ።»

«ልጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባለቤቷ ነበርኩ። በቁርባን ነው የተጋባነው» አልኩት።

ካሳው ሳቁን ዋጠ። አጠገቡ ካርድ የምትሸጠው ሴትዮ ግን አልዋጠችም። ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ ባለቤት የሚለው መዝሙሩ በስሙ የተገዛለትን ሰው ነው። መዝሙሩ ሦስት ስልክ ላይ ይከፈታል፤ የሦስቱንም ስም መዝግቦ ይዟል። አራተኛ ሰው ቢገለብጠው ዝም ይላል። ከፈለጉ ቁልፉን እሰብረዋለሁ አለኝ፤ ብዙ ሰው እንደሚያሰብረውም ነገረኝ። አሰብኩበት። ዘማሪው የደከመበት እንጀራው ነው፤ ሰብሮ መግባት ደግሞ ከሌብነት ሌላ ስም ላወጣለት አልቻልኩም፣ ያውም በጾም። በበሩ እንግባ አልኩት።

ምሕረት በስልክ የይለፍ ቃሉን ነገረችው፤ ሦስቱ ስም ወጣ። ካሳው አነበበልኝ። ዓባይነሽ። ምሕረት። እታለማሁ፣ ጥሊሊ።

ዓባይነሽ፣ ያቺን የመጨረሻዋን ደግሞ እንዲያነብልኝ ጠየቅሁት።

እንግዲህ አንቺ ታውቂዋለሽ፤ እኔ ግን በጽሑፍ ላስቀምጠው ፈልጌያለሁ። ታናሽ እህቴ እታለማሁ ልጇን ውቢትን ስትድር እኔን ታላቅ ወንድሟን በስልክ ጠራችኝ። በአካል መጥታ፣ ቤቴ ገብታ፣ ቁጭ ብላ አልጠራችኝም። «ሠርጉ እሑድ ነው፣ ወንድም ጋሼ» አለችና ኔትወርኩ ተቋረጠ። እኔም ቀረሁ። አንቺ ሂድ ብለሽ ለምነሽኛል። ስድስት ዓመት አላናገርኳትም። ቀብርሽ ላይ እንኳ መጥታ ከሴቶቹ ጋር ስታለቅስ አይቼ ፊቴን አዞርኩ። ያንን አንቺ አላየሽም፤ ወይም አይተሻል፣ እኔ እንጃ።

አባታችን ሆይ ስንል «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለው ላይ ስደርስ ድምፄ ዝቅ ይል ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ አጠገቤ ቆመሽ ስትጸልዪ ሰምተሽው ይሆን?

ካሳው መንገዱ ቀላል ነው አለኝ፤ ከሦስቱ አንዱ ከተሰረዘ የእኔ በቦታው ይገባል። ምሕረት በስልኩ ውስጥ ሆና «የኔን አጥፋው፣ አባዬ» አለች። ልጅቷ ብቻዋን ሰው አገር እየሠራች የእናቷን መዝሙር ልቀማት? አይሆንም አልኩ። «እንግዲያው የሞተው ስልክ ይሰረዛ» አለ ካሳው። ልክ ነው። ግን ከቀበሌው መዝገብ ሰርዘውሻል። እድሩም ስምሽን ወደ ሌላ ገጽ አዛውሮታል። በቤተ ክርስቲያንም ስምሽ የሚነሣው ካረፉት ጋር ነው። በሕይወት ካሉት ጋር ተጽፈሽ ያገኘሁሽ እዚያች ስልክ ላይ ብቻ ነው። በገዛ አፌ ሰርዛት ልል አልቻልኩም።

የቀረችው አንዲት ናት። አሁን የምነግርሽን ለንስሐ አባቴም ነግሬያለሁ። ጣቴን ዘርግቼ «ይቺኛዋን አጥፋት» አልኩት።

«ማናት?» አለ ካሳው።

«እህቴ ናት።»

እህቴ የሚለው ቃል ከአፌ ከወጣ ስድስት ዓመቱ ነበር። የካሳው ጣት ስልኩ ላይ ሊያርፍ ሲል ቆመ። መዝሙሩ የተከፈተበትን ቀንም ያሳያል ለካ። «የባለቤትዎ ለመጨረሻ ጊዜ የተከፈተው የካቲት ላይ ነው» አለኝ። «ይቺኛዋ ግን ትናንት ሰምታለች። ከትናንት በስቲያም። ከጥቅምት ወዲህ የዘለለችው ቀን የለም። ላጥፋት?»

ምሕረት አሁንም መስመር ላይ ነበረች። ታውቂ ነበር ወይ አልኳት። «እማዬ አትንገሪው ስላለችኝ ነው» አለችኝ።

ሚሞሪዋን እንዲመልስልኝ ነገርኩትና ወጣሁ። ሚኒባስ ያዝኩ። ኮሶበር ስደርስ ወደ ቤቴ አልገባሁም፤ በዚያው ሌላ ተሳፍሬ ጥሊሊ ገባሁ። ቢርበኝም አልቆምኩም፤ ከቆምኩ ሐሳቤን እንደምቀይር ራሴን አውቀዋለሁ።

በሯ ላይ ሆኜ ቤቶች አልኩ። ወጣች። ሸብታለች፣ ዓባይነሽ፤ መሸበቷን ለምን አልነገርሽኝም? ከእግሬ እስከ ራሴ አየችኝና፣ «ደክመህ ከምትመጣ ብትደውል ይበቃ ነበር እኮ፣ ወንድም ጋሼ» አለችኝ።

«በስልክ ሰው አልጠራም» አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ሸፈነች። ትሳቅ ታልቅስ አልለየሁትም፤ ሁለቱንም ሳይሆን አይቀርም። እኔም ጎንበስ ብዬ ስለ እግዚአብሔር ይቅር በይኝ አልኳት፤ ጉልበቴ መሬት ሳይደርስ ያዘችኝ።

ከገባን በኋላ ስላንቺ ብዙ አወራን። በገበያ ቀን «ነጭ ሽንኩርት ልግዛ» እያልሽ ጥሊሊ ትሄጂ የነበረው እሷ ዘንድ ኖሯል። አንድም ቀን ገዝተሽ አታውቂም አለችኝ፤ ከጓሮዋ እየነቀለች የምታሸክምሽ እሷ ናት። «የጥሊሊ ነጭ ሽንኩርት ሌላ ነው» እያልኩ ስንት ወጥ አመስግኛለሁ። ያኮረፍኳትን የእህቴን ጓሮ ስድስት ዓመት በልቻለሁ ማለት ነው። አንቺ ድስቱን እያማሰልሽ ምን ትዪ እንደነበር አሁን ይታየኛል፤ ምንም አትዪም፣ ከንፈርሽ ብቻ ትንሽ ይንቀሳቀሳል።

ስልኳን አመጣችና ሳልጠይቃት ባዶ ኩባያ ውስጥ አቆመችው። ካንቺ ነው የተማረችው። በገናው ጀመረ። ድምፁ ልክ እንደ ቤታችን ወፍሮ ወጣ።

እንግዲህ ሦስቱ ስም እንዳለ ነው፤ ማንም አልተሰረዘም። የኔ ስልክ ዛሬም አይከፍተውም፤ እኔም አልጠይቀውም። የምሰማበት ቦታ አለኝ። በየገበያው ቀን እሄዳለሁ። ባለፈው ምሕረት ደውላ የት ነህ ስትለኝ፣ ጥሊሊ ነጭ ሽንኩርት ልገዛ አልኳት። በጣም ሳቀች። እታለማሁ ስታሸክም መጠን አታውቅም፤ ጣራው ሥር የተንጠለጠለውን ለሁለት ዓመት ብቻዬን አልጨርሰውም። ለጎረቤት እያደልኩ ነው።

ፋሲካን እዚያ ነኝ። በአካል መጥታ፣ ቤቴ ገብታ፣ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ጠርታኛለች።

በስሜ ከተመዘገበው ነገር ሁሉ በላይ የምኮራበትን ስም ይዤ፣

ባለቤትሽ
ፀጋው